ግመል ስንት ቁጥር ነው?

ሃያ ዓመት ሙሉ ልጆችን «አንተ ቀለም አይዘልቅህም» እያልኩ ስቆጣ የኖርኩ መምህር ነኝ። ቀለም የዘለቀው ከፊት ይቀመጣል፤ ያልዘለቀው ከኋላ ወንበር ሆኖ በመስኮት ግመል ይቆጥራል። ሚኤሶ ላይ መስኮት መክፈት ማለት ግመል ማየት ነውና በልጁም ብዙ አይፈረድበትም። አምና አማቴ ለፋሲካ ከአሰበ ተፈሪ ወርደው እኛ ዘንድ እስከ ሰኔ ሲሰነብቱ ግን፣ ከኋላ ወንበር መቀመጥ የሚገባው ማን እንደሆነ ለየ። (ከተማዋ ጭሮ ከተባለች ቆይታለች። አማቴ ግን «ያደግሁባትን ከተማ በእርጅናዬ ስሟን አልቀይርባትም» ይላሉ።)

ነገሩ የተጀመረው ከሳሎናችን ግድግዳ ነው። ከጣሪያው ተነስቶ እስከ ወለሉ የሚወርድ ስንጥቅ አለው። እኔ የቀን መቁጠሪያ ሰቅዬበት ነበር፤ የቀን መቁጠሪያው አጭር ነው፣ ስንጥቁ ግን ከነሐሴም በታች ይዘልቃል። አማቴ ሦስት ቀን ሙሉ ቡናቸውን እየጠጡ ሲያዩት ከረሙና በአራተኛው ቀን፦

«ይኼ ግድግዳ ልብስ ያስፈልገዋል» አሉ።

በእሳቸው ዘመን በቤት ውስጥ ራቁቱን የሚቀመጥ ዕቃ አልነበረም። ሬዲዮው ዳንቴል ይለብስ ነበር፣ የሬዲዮው ጠረጴዛ ሌላ ዳንቴል፣ ወንበሩ የራሱ፣ ቴርሞሱ እንኳ ቀሚስ ቢጤ ነበረው። ትራሱ ላይ ሁለት ወፎች አፍ ለአፍ ገጥመው ከሥራቸው «መልካም እንቅልፍ» የሚል ጥልፍ አለ። የአንደኛዋ ወፍ ክንፍ አረንጓዴ፣ የሌላዋ ሰማያዊ የሆነው በወፎቹ ጾታ ምክንያት ይመስለኝ ነበር። ባለቤቴን ከተጋባን በኋላ ስጠይቃት «አረንጓዴው ክር አልቆ ነው» አለችኝ።

ለግድግዳው ልብስ የተመረጠው የቡና ጆንያ ነው። አይሳቅ። የጥልፍ ሸራ ፍለጋ ባሕር ማዶ መሄድ አያስፈልግም፤ ንጹሕ የቡና ጆንያ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ላየው ድርና ማጉ ቁልጭ ያለ የሒሳብ ደብተር ነው። እያንዳንዷ ቀዳዳ ትቆጠራለች፤ በየካሬዋ አንድ ስፌት ይገባል። ሥዕሉ አስቀድሞ በካሬ ደብተር ላይ ይነደፋል። ካሬ ደብተሩ የእኔ ነበር፤ የአራት ክፍል ተማሪዎች ውጤት የተመዘገበበት።

ንድፉ ይኸውላችሁ፦ አንድ ግራር፣ ከግራሩ ሥር አንዲት ግመል፣ ከበስተኋላ የምትጠልቅ ፀሐይ። ለምን ግመል ብለን ስንጠይቅ «በየቀኑ በደጃችሁ የምታልፍ ፍጥረት በቤታችሁ የለችም፤ ነውር ነው» አሉ። ከታች ያለውን መሬትስ በምን ክር እንሞላዋለን? ስል አማቴ በእዝነት አዩኝ።

«መሬቱ አይጠለፍም፤ የሚኤሶ መሬት ድሮም ጆንያ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ወደ ውጭ ወጥቼ አየሁት፤ ጆንያ ነው። ይህን ጊዜ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ «እንግዲያው ግመሏም ያው ናት፤ ዙሪያዋን በጥቁር ከበን ባዶ እንተዋት» አልኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። ባለቤቴ አቀረቀረች። አማቴ «ባዶ ግመል!» ብለው መነጽራቸውን አወለቁ፤ ልጃቸውን ለማን እንደሰጡ ገና ያን ቀን የገባቸው ይመስል ነበር።

ቅጣቴ ክር መግዛት ሆነ። እሳቸው ነገሩኝ፣ እኔ ጻፍኩ፦ ጥቁር 2፣ አረንጓዴ 4፣ ቀይ 3፣ ብርቱካን 2፣ የግመል መልክ 10።

ስኳር፣ ባትሪ፣ ሻማና ክር የሚሸጥ አንድ ወጣት ዘንድ ሄድኩ። አራቱን በደቂቃ አወጣልኝ። አምስተኛው ላይ ሲደርስ እጁ በአየር ላይ ቀረ።

«አቦ ቲቸር፣ የትኛው ግመል?»

«የታወቀው ግመል ነዋ።»

«ግመል የታወቀ መልክ አለው እንዴ አቦ?»

ከበሩ አጠገብ ስኳር ሊገዙ የቆሙ አንድ ሽማግሌ በዱላቸው ተደግፈው ጠየቁ፦ «በጋ ነው ክረምት?» የግመል ወተት የምትሸጥ ሴት ጀሪካኗን አውርዳ «የምትታለብ ናት ወይስ ጫኝ?» አለች። ባጃጁን አቁሞ የገባ ልጅ ደግሞ «ከሩቅ ነው የምትታየው ከቅርብ?» አለ። እኔ «ግመል ናት፣ ከግራር ሥር ቆማለች» ከማለት በቀር የማውቀው አልነበረኝም። ሽማግሌው «ጥላ ውስጥ ከሆነችማ ጠቆር ትላለች» ብለው ፈረዱ። ሴትዮዋ «ጥላው የጠዋት ነው የማታ?» አለች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሰባት ዓይነት ግመልና ባዶ ዘንቢል ይዤ ቆሜያለሁ። ባለሱቁ አዘነልኝ፦ «ቢጫ አለ፣ ቡኒ አለ። ቀላቅለህ ግመል ታወጣለህ፤ ወላሂ አንተ መምህር ነህ አይከብድህም።»

ስመለስ መንገድ ላይ አንድ ነገር ገባኝ። የቀለም ስም አንሶን አይደለም የተቸገርነው። ሰው ላይ ስንመጣ ቀይ፣ ብስል ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያልን ልዩነቱን በፀጉር ስንጥቅ እንለካለን፤ በተለይ የሚዳረው የእኛ ልጅ ሲሆን። ከብትና ፈረስ ላይ ዳለቻ፣ ቡላ፣ ቦራ፣ ዳማ አለ። ዳለቻን አማራም ኦሮሞም እኩል ይለዋልና ገበያ ላይ አስተርጓሚ አይፈልግም። ጫትም ቢሆን ሐረርጌ ላይ «አረንጓዴ ቅጠል» ተብሎ አይታለፍም፤ ዲማው ቀላ ያለው ነው፣ ደሎታው ነጣ ያለው፣ ሐመርኮቱ መካከለኛው። ከሚሄድ ሚኒባስ መስኮት ሦስቱን የሚለይ ሰው አውቃለሁ። ያው ሰው ሚስቱ ነጠላ ለብሳ «ጥለቱ ምን ዓይነት ነው?» ብትለው «አለው እንዴ?» ይላል። ሰው ለሚወደውና ለሚሸጠው ነገር ስም ያወጣል። ክር ላይ ስንደርስ ግን ያለን «ቀይ» እና «ሌላኛው ቀይ» ነው። ሲጨንቀን ጓዳ እንገባለን፦ ቡናማ፣ ብርቱካን፣ ወይን ጠጅ፣ ሽሮ መልክ፣ ወተት መሳይ። አመድማውም የወጣው ከምድጃ ነው። ግማሹ ቀለማችን ምግብ ነው ማለት ነው። ግመል ደግሞ ከጓዳ አትወጣም።

በማግስቱ አማቴ «ተነስ፤ አሰበ ተፈሪ እንውጣ» አሉ። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ነው፤ ሚኤሶ ላይ የተከፈተው የመኪና መስኮት ጭሮ ሳይደረስ ይዘጋል። እሳቸው የሚያውቁት ሱቅ ገባን። ባለሱቁ የክር ሳጥኑን ሲከፍተው ዐይኔ ዐዋጅ ሆነብኝ።

የጥልፍ ክር ሲባል እናቶቻችን የሚያውቁት ዲኤምሲ ነው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1746 ሙሉዝ በተባለች፣ ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ ባለች ከተማ ነው የተመሠረተው። የቀለሞቹ ቁጥር 500 ደርሷል። አንዷ ጥቅል 8 ሜትር ናት፤ ክሩ ስድስት ቀጫጭን ፈትል አንድ ላይ የሆነ ነው። ለስስ ጨርቅ ሁለቱ ይበቃል፤ ለጆንያ ግን ስድስቱም ይዘምታሉ፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለ፣ እኛ የምናስረው ግመል ነው። ሳስበው ፈረንሳዮች በእኛ አገር ላይ ሁለት ዓይነት ክር ዘርግተዋል። አንደኛው የብረት ነው፤ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፣ ሚኤሶን አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ሁለተኛው የጥጥ ነው፤ እሱ በየትራሱ ላይ አለ።

የዲኤምሲ ሰዎች ከስም ጭቅጭቅ የዳኑበት ዘዴ ቀላል ነው፤ ለቀለሙ ሁሉ ቁጥር ሰጥተውታል። ጥቁር 310 ነው፤ ጳጉሜን ቢሆን፣ ጥላ ቢሆን፣ የምትታለብ ብትሆን 310 ነው። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝና ልቤ ሐሴት አደረገ። አማቴ ግን በቁጥር አልመረጡም፤ ለምትጠልቀው ፀሐይ ከቀዮቹ ሁሉ ደማቁን አንስተው፣ ወደ በሩ ወጥተው፣ በብርሃን አገላብጠው «ይኼ ነው!» አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን አነበቡ።

666።

ክሩን እንደ ፍም ለቀቁት። አማተቡ። «የአውሬው ቁጥር!»

ባለሱቁ ግራ ገባው። «እማማ፣ ምን ሆነ? ምርጥ ቀይ ነው።»

«ልጄ፣ ይኼን ቁጥር ቤቴ አላስገባም።»

«እማማ፣ እኛ ሱቅ ዓመት ተቀምጦ ምንም አላደረገንም አቦ!»

እኔ በመካከል ገብቼ ቁጥሩ በወረቀቱ ላይ እንጂ በክሩ ላይ እንዳልሆነ፣ ወረቀቱን ብንጥለው ክሩ ንጹሕ እንደሚሆን አስረዳሁ። አማቴ «ታዲያ አውሬው ወረቀቱን ሲጥል ማን ያውቀዋል? እሱም የሚፈልገው ይኼንኑ ነው» አሉኝ። ከሥነ መለኮት ጋር ክርክር አልገባም። 321 ገዛን። 321 ትንሽ ረጋ ያለ ቀይ ነው። ፀሐያችን ጨዋ ሆና ጠለቀች።

የቀዩን ሒሳብ ከመክፈላቸው በፊት አማቴ አንዲት ክር መዘው በምራቃቸው አርጥበው በነጭ መሐረብ ጨመቋት። መሐረቡ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ይህን ፈተና ዲኤምሲም ይሁን ሌላ ሁሉም ክር ሳያልፍ ከሱቅ አይወጣም፤ ባለሱቅ ሁሉ «አይለቅም» ነው የሚለውና። «ቀለም ያልዘለቀው ክር ሱቅ ውስጥ ያምራል፤ ውሃ ሲነካው ነው የሚታወቅበት» አሉኝ። ቀለም ያልዘለቀው ተማሪም ፈተና ሲነካው እንደዚያው ነው ልል ፈለግሁና፣ ያን ቀን ማን እየተፈተነ እንደነበር ትዝ ሲለኝ ዝም አልኩ።

ቀጥሎ ግመል። ባለሱቁ ከ433 እስከ 437 ያሉትን፣ ከዚያም 738 እና 739ን ደረደረ። ከተጠበሰ ቡና ተነስቶ ወተት ወደበዛበት ማኪያቶ የሚሄድ ሰልፍ ነው። እኔ ወዲያው 738ን አነሳሁ፤ ቁርጥ ግመል። አማቴ ከቦርሳቸው የጆንያውን ቁራጭ አውጥተው አንዲት ፈትል ጣል አደረጉበት።

«ግመሏ የት አለች?»

ጠፋች። በጆንያው ላይ ጆንያ ሆነች። ክር በጥቅሉ ሲታይ ደመቅ ጠቆር ይላል፤ ነጠላ ሆኖ ጨርቁ ላይ ሲያርፍ ይሳሳል። 437 ጣል ተደረገች፤ ዐይን አጥብቦ ለፈለገ ትገኛለች። 436 ጣል ስትደረግ ግመሏ ቆመች። እዚያ ጋ ነው አማቴ ሃያ ዓመት ያስተማርኩትን በአንድ ዐረፍተ ነገር የበለጡኝ፦ «ልጄ፣ ቀለም ብቻውን አይመረጥም፤ ከጎረቤቱ ጋር ነው።»

ስለዚህ ግመል 436 ነው። ጥያቄው ተመለሰ። ችግሩ ሱቁ ውስጥ ያለው ስድስት ጥቅል ብቻ ነበር።

ቤት ስንደርስ ሌላ ጉድ። ጭሮ ላይ በደመና ሥር ግመል የነበረው ክር ሚኤሶ ላይ በእኩለ ቀን ፀሐይ ሽሮ ሆኖ ተገኘ። ባለቤቴ መጋረጃ ስትዘጋ ግመል ይሆናል፤ ስትከፍት ሽሮ። ማታ በአምፖል ሥር ደግሞ የበቆሎ ቂጣ። አማቴ አልተጨነቁም፦ «አሥር ሰዓት ይለፍና እናየዋለን» አሉ። በእርግጥም ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ወደ አሰቦት ተራራ ዘንበል ስትል፣ ክሩ ግመል ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንግዳ የምንጠራው ከአሥር ሰዓት ወዲህ ብቻ ነው።

ጥልፉ ቀጠለ። ሻኛዋ ብቻ ሁለት ጥቅል በላ። አንገቷ አንድ ተኩል። በግንቦት አጋማሽ አማቴ ወገቧ ላይ ደርሰው መርፌውን አስቀመጡ፦ «አልቋል።»

በዚያው ሰሞን ለሥራ ድሬዳዋ የምሄድበት ጉዳይ ነበረኝ። የክሩ ወረቀት ተጥሏል፤ ቁጥሩን ግን አስታውሰው በመዳፌ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉልኝ። ጭሮን፣ ሂርናን አለፍኩ። ቁልቢ ስደርስ ሰው ሁሉ ሲሳለም እኔም በተጻፈበት እጄ ተሳለምኩ። ድሬዳዋ ወርጄ ቀፊራ ገበያ ስገባ ሙቀቱ ላብ አድርጎኝ፣ መዳፌን ብከፍተው «43» አለና ከዚያ በኋላ አንድ ሰማያዊ እድፍ አለ። አምስት ሊሆን ይችላል። ስድስትም ሊሆን ይችላል። ስልክ ደወልኩ።

«እማማ፣ ክሩ ስንት ቁጥር ነበር?»

«የትኛው?»

«የግመሏ።»

«የግመል መልክ ነው ልጄ! አላየኸውም እንዴ?» ስልኩ ተቋረጠ።

ሁለቱን ክሮች ጎን ለጎን ይዤ ገበያው መሐል ቆምኩ። ጆንያው የለ፣ ጎረቤት የሌለው ቀለም ይዤ። የማይረሳው ቁጥር የአውሬው ብቻ ነው ለካ። በመጨረሻ 435 ገዛሁ፤ አሥር ጥቅል፤ አሥሩም ከአንድ ሳጥን እንዲሆን አጥብቄ ለመንኩ፤ ቁጥሩ አንድ ሆኖ የተነከረበት ጊዜ ከተለያየ እንኳ ቀለሙ ሊለያይ ይችላል ሲባል ሰምቻለሁና። ይህን ያህል የተጠነቀቅሁት በተሳሳተው ቁጥር ላይ ነበር።

ማታ አማቴ አዲሱን ክር ከወገቧ አጠገብ አስቀመጡት። ረጅም ዝምታ።

«ይህች» አሉ በመጨረሻ፣ «ከወገቧ በታች ሌላ ግመል ናት።»

ግመል ሰርቆ አጎንብሶ አይሆንም፤ ጥፋቴን አምኜ ቀና ብዬ ቆምኩ። ራሴን ለማጽናናት የባቡሩን ነገር አነሳሁ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የባቡር ሐዲድ ከሰበታ እስከ ሚኤሶ አንዱ የቻይና ኩባንያ፣ ከሚኤሶ እስከ ደወሌ ሌላው የቻይና ኩባንያ ነው የሠራው። የሁለቱ ክር የተቋጠረው እኛ ከተማ ላይ ነው፤ ባቡሩ ሲያልፍ ግን ቋጠሮው የት እንደሆነ ማን ያያል? አማቴ አዳመጡኝና «የባቡሩ ቋጠሮ ከጀርባ ነው፤ የአንተ ከፊት ነው» አሉ። ከዚህ በኋላ ዝም ብለው ጠለፉ። ለሳምንታት የሰማሁት የመርፌውን ድምፅና አልፎ አልፎ ረጅም ትንፋሽ ነው።

ሰኔ ሲገባ የግድግዳው ልብስ ተሰቀለ። ስንጥቁ ተሸፈነ። ግራሩ ግራር ነው፤ ፀሐይዋ ጨዋ ናት፤ መሬቱ የሚኤሶ መሬት ነው፤ ግመሏ ከፊት ፈካ ከኋላ ጠቆር ያለች፣ ሁለት ሰው ተጋግዞ የሠራት ፍጥረት ናት። የመጣ እንግዳ ሁሉ ሥዕሉን አይቶ ዐይኑን ወደ ጣሪያው ያነሳ ነበር።

አንድ ቀን ከአሥር ሰዓት በኋላ አንድ አርብቶ አደር ሊያነጋግሩኝ መጡ። ከኋላ ወንበር በመስኮት የሚያየው ልጅ አባት ናቸው። «ልጅዎ ቀለም አይዘልቀውም» የሚለውን በምን ዓይነት ለስላሳ ቃል እንደማቀርበው እያወጣሁ እያወረድኩ ሻይ አቀረብኩላቸው። እሳቸው ሻዩን አልነኩም። ግድግዳውን ያያሉ። ተነሥተው ቀረብ አሉ። በጣታቸው ወገቧ ጋ፣ ልክ 436 ቆሞ 435 የሚጀምርበት ቦታ ላይ ነኩ።

«ይህች አሁን ከወንዝ መውጣቷ ነው» አሉ። «ፊቷ ደርቋል፤ ኋላዋ ገና እርጥብ ነው። ማን ነው የሠራት? ግመል ያውቃል።»

ከጓዳ የአማቴ ድምፅ ቀደመኝ፦ «እኔ ነኝ! ውሃ እንድትሻገር ብዬ ነው እንጂ ክር አጥቼ መሰለዎት?»

አፌን ከፈትኩ፤ ባለቤቴን አየኋት፤ መልሼ ዘጋሁት።

ስለ ልጁ ያዘጋጀሁትን ንግግርም በዚያው ዋጥኩት። አሁንም ከኋላ ወንበር ነው የሚቀመጠው፤ አሁንም በመስኮት ያያል። ልዩነቱ፣ ግመል ስታልፍ እንደ ድሮው አልቆጣም። ጠመኔዬን አስቀምጬ «ምን መልክ ናት?» ብዬ እጠይቀዋለሁ።

«የትኛዋ?» ይለኛል።